ውዳሴ ለአሮጌ ሰብሳቢዎች

ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቧንቧ ውሃ ሰፈርን ገና ሳይለቅ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል የጐረምሳ ድምፅ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዘዋወር በሰማሁ ቍጥር፣ ይህ በአንድ ትከሻው የማዳበሪያ ከረጢት፣ በሌላው የተደራረበ የፕላስቲክ ሳፋ የተሸከመ ልጅ፣ ራሱ ሳያውቀው፣ ዘመናችን ካፈራቸው ማኅበራት ሁሉ የከበረውን ማኅበር በዲቁና የሚያገለግል መሆኑን አስባለሁ። ቅስናው የሌሎች ነው። እርሱ ከየጓዳው ያወጣውን አሮጌ መጽሐፍና አሮጌ ልብስ ከእጁ ተቀብለው፣ አቧራውን እንደ ዕጣን አሽትተው፣ ዋጋውን መቶ እጥፍ አድርገው በመስታወት ውስጥ ለሚያኖሩት ለአሮጌ ነገር ወዳጆች እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ውዳሴ አለመድረሱ የአገራችንን የምስጋና ድኽነት ያሳያል።

እስቲ ከልብሱ እንጀምር። እኛ ልጆች ሳለን ሰልባጅ የለበሰ ሰው «የሞተ ፈረንጅ ልብስ» የሚለውን ነቀፋ ሽሽት የከተማችንን ሸዋ በር የሚያልፈው ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ ነበር፤ ቦንዳውም ቢሆን በሕግ የተከለከለ ነውና በረሓውን በሌሊት አቋርጦ፣ በባቲ በኩል፣ እንደ ኃጥእ ተሸፋፍኖ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ያው ጨርቅ «ቪንቴጅ» የሚል የክርስትና ስም ተቀብሎ ከቀደመ ኃጢአቱ ሁሉ ነጽቷል። በ1977ቱ ረኃብ በባቲ መጠለያ የፈረንጅ ካፖርት ደርቦ የታየ ገበሬ ምስኪን ተባለ፤ ዛሬ የዚያኑ ዓይነት ካፖርት ደርቦ ፒያሳ ላይ የሚንጐራደድ ጐልማሳ ባለ ጣዕም ይባላል። ልዩነቱ ከካፖርቱ ላይ አይደለም፤ ሁለተኛው ምሳውን በልቷል። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተቀድሷል፤ የእኛ ልጆች የሚሰፉት አዲስ ልብስ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ባሕር ማዶ ተለብሶ ያለቀው ወደ እኛ ሲወጣ፣ ሁለቱ በመንገድ ላይ ተላልፈው እጅ የሚነሣሡ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ግን ከልብስ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ልብሱን አልፎ አልፎ የሚለብሰው ሲኖር መጽሐፉን የሚያነበው የለምና። አንድ ወዳጄ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያ ኅትመት በብዙ ብር ገዝቶ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበትን ገጽ ብቻ ገልጦ አሳየኝና፣ ጀርባው እንዳይሰበር በማለት ወዲያው ከደነው። ማኅተሙ ከመደርደሪያ የወጣ የተማሪ ንብረት መሆኑን ሲመሰክር፣ ለወዳጄ ግን የክብር ሜዳይ ነበር። ስለ ታሪኩ ብጠይቀው፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወልደው ከብደው የኖሩ ይመስለዋል። አላረምኩትም፤ ከደራሲው ይልቅ እርሱ ርኅሩኅ ነው።

ይህን ማኅበር የትናንት ልጅ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ ሥሩ በዚሁ በወሎ ምድር የተተከለ መሆኑን አላወቀም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የሰበሰበውን አሮጌ ነገር በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደና ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ፣ የማኅበራችን ጻድቅ፣ የጳጳሱን የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዝቷል፤ በአራት ፓውንድ! ዛሬ ሰኞ ገበያ ውስጥ «ርካሽ አገኘሁ» ብለው ደረታቸውን የሚነፉ ሁሉ በዚህ ሰው ፊት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ብራናው ለንደን ባለው ቤተ መጻሕፍት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ቀሚስ በዚያው ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ከንጉሡ ራስ የተሸለተው ጸጉር ግን በ2011 ዓ.ም. ተመለሰ። መጽሐፉና ቀሚሱ ገና በሚገባ አላረጁ ይሆናል።

የዛሬዎቹም ለትሕትና ያህል ጸጉር አይሸልቱም እንጂ ከአባቶቻቸው አላነሱም። ከዳዊት መካከል አንድ ቅጠል ቀድዶ ለብቻው መሸጥ፣ በሌላው ብራና ላይ ትናንት የተሣለውን መልአክ ጭስ ላይ አንጠልጥሎ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት ማስረጀት ከእነርሱ የተገኘ ጥበብ ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ መነኰሳት አንሥቶ እስከ መንዙማ ኪታብ ጠባቂዎቹ የወሎ ሼሆች ድረስ መጽሐፍን እየደገሙ፣ እየዘመሩ፣ በጣት ወዝ እያጠቈሩ ያኖሩት ሰዎች ግን ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ያነቡታል።

ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ጐረቤቴ የሟች ባላቸውን ካፖርት ለልዋጭ ልጅ ሰጥተው አንድ ቀይ ሳፋ ወሰዱ። ልጁን አልነቅፍም፤ ሳፋው ያስፈልጋቸው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ወዳጄ ዘንድ ቡና ተጋብዘን ስንገባ፣ ካፖርቱ ከግድግዳው ላይ፣ ከበላዩ መብራት በርቶለት፣ ተሰቅሎ አገኘነው። እማማ ያወቁት በክርኑ ነው፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ ቡናማ ክር ይዘው የጣፉት እርሳቸው ነበሩ፤ ጥቁር ክር የጠፋበት ዓመት ነበር። ወዳጄ ግን የመጣፊያውን ነገር በትዕግሥት አብራራላቸው፤ የዘመኑ መንፈስ የታተመበት፣ ዳግመኛ የማይገኝ የእጅ ሥራ መሆኑን፣ ዋጋውንም ያስወደደው ይኸው ክር መሆኑን ነገራቸው። እማማ አዳምጠው ሲጨርሱ ክርኑን ሊዳስሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«እማማ፣ እባክዎ አይንኩት! ቅርስ ነው።»

እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አቦሉንና ቶናውን ዝም ብለው ጠጡ፤ በረካው ሲቀዳ፦

«ልጄ፣ ያ የሰጡኝ ሳፋ ዳር ዳሩ ተሰንጥቋል። እርሱስ ባመጣልህ ይሆንህ ይሆን?» አሉት።

ወዳጄ አልሣቀም። ሲኒውን አስቀመጠና፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ከሥሩ የፋብሪካ ምልክት እንዳለው ጠየቃቸው።