ይሄ ስንት ሰው ነው?

ረዳቱ ብስክሌቱን ዞሮ አየው፤ ለበዓል በግ እንደሚገዛ ሰው ኮርቻውን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና «ይሄ ስንት ሰው ነው?» አለኝ።

ሰው በዕድሜው ብዙ ይጠየቃል። ለዚህ ጥያቄ ግን ማንም አላዘጋጀኝም። ቦታው ባሕር ዳር መናኸሪያ፣ መኪናው ጎንደር የሚሄድ ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ ጊዜው ደግሞ በዚያ መንገድ ሰው እንደ ልቡ ይመላለስ የነበረበት ዘመን ነው። ብስክሌቱን የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ነው።

«ሰው አይደለም፤ ሳይክል ነው» አልኩት።

«ሳይክል መሆኑንማ አያለሁ ጋሼ። ስንት ሰው ነው ነው የምልዎ።» መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ፈረደ፤ «ሁለት ሰው ነው።»

«ለምን ሁለት?»

«ሁለት ጎማ አለዋ!»

እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። «ወንድሜ» አልኩት፣ «ይሄ ነገር ወንበር አይዝ፣ አያስመልሰው፣ ወረታ ላይ ለሽንት አቁሙልኝ አይል። መሄዱንም ቢሆን በራሱ ይሄዳል።»

«በራሱ ከሄደ ለምን አይሄዱበትም ታዲያ?»

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ አገሩን ወክሎ ሲጋልብ የውድድሩ ርቀት 188 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ረዳቱ ያለ ምንም ማቅማማት ወደ ኦሎምፒክ እየላከኝ ነበር ማለት ነው፤ ያውም በሸሚዝና በቆዳ ጫማ።

ተደራደርን። አንድ ሰው ተኩል ላይ ቆመ። ተኩሉ ምኑ እንደሆነ ስጠይቀው «መሪው ነዋ፤ ግራና ቀኝ ይዋጋል» አለኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር ቀልድ በፊቱ ላይ የለም። ዳኛ ነው። በግ ግማሽ ሰው ነው፤ ጀሪካን እንደ ባለቤቱ ምላስ ይታያል፤ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት አንድ ሰው ሲሆን ሁለት ማዳበሪያ ግን፣ በምን ሒሳብ እንደሆነ አላውቅም፣ ሦስት ሰው ነው። የሰው ታሪፍ በወረቀት ይለጠፋል። የዕቃው ታሪፍ ያለው ረዳቱ አፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ገብቶ ማንበብ አይቻልም።

ተሳፋሪውም ዝም ብሎ አልተመለከተም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው «ጎንደር ነው የምትወስደው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እንዲያው ባሕር ዳር ብትተወው? እዚህ ሜዳ ነው። እዚያማ ቁልቁለቱን ሳይክሉ ልጁን ይወስደዋል፤ ዳገቱን ግን ልጁ ነው ሳይክሉን የሚሸከመው።»

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የወጣ ሰው ሽማግሌውን አይከራከርም። እኔም አልተከራከርኩም። አንድ ሰው ተኩሉን ከፈልኩ።

ያንገበገበኝ ግን ክፍያው አይደለም። ሐሙሲትን አልፈን ወደ ወረታ ስንቃረብ ትራፊክ አስቆመን። ፖሊሱ ቀና ብሎ ፖርቶ መጋላውን እያየ «ላይ ምን ጫንክ?» አለ። ረዳቱ በዚያው ዳኛ ፊቱ «ኧረ ባዶ ነው ጌታዬ! አንዲት ሳይክልና አንድ ፍራሽ ናቸው፤ ምንም ክብደት የላቸው» አለው። አንዲት ሳይክል! መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው ተኩል የነበረው፣ ግራና ቀኝ የሚዋጋው ያ አውሬ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ክብደት የሌላት አንዲት ዕቃ ሆኖ ቀረ። አፌን ልከፍት ስል አጠገቤ የነበሩት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ዝም በል ልጄ፤ ትራፊክ ፊት የቤት ገመና አይወራም» አሉኝ። ቅጥቅጡ ቤታችን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ረዳቱም እንግዲህ ገመናችን ነው።

ሲያትል የሚኖር አብሮ አደግ አለኝ። ብስክሌት ነጂ ነው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ ግማሹን መንገድ ይነዳል፣ ግማሹን ደግሞ ብስክሌቱን በከተማው አውቶቡስ ጭኖ ይሄዳል። ደውዬ «እናንተ ዘንድ ሳይክል ስንት ሰው ነው?» አልኩት።

ጥያቄውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «ዜሮ» አለኝ።

እንደነገረኝ ከሆነ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ የሚታጠፍ ብረት አለ፤ ሦስት ብስክሌት ይይዛል። ብረቱን አንተው ታወርደዋለህ፣ ብስክሌትህን አንተው ታነሳዋለህ፣ ባለ ሞላውን ክንድ ጎትተህ የፊት ጎማው ላይ ታሳርፈዋለህ። ሹፌሩ ከወንበሩ ተነስቶ አይጭንልህም፤ ካላወቅህበት በአፉ ይነግርህ ይሆናል እንጂ። ለብስክሌቱ ተጨማሪ ሂሳብ የለም። ስትወርድ ግን ብስክሌት እንደምታወርድ አስቀድመህ ለሹፌሩ መንገር አለብህ፤ ከመኪናው ፊት ጎንበስ ስትል ላያይህ ይችላልና። ይህን ዓይነቱን ብረት ለአሜሪካ አውቶቡሶች ከሚሠሩት ታዋቂዎቹ አንዱ እዚያው ሲያትል አጠገብ፣ ዉድንቪል የሚገኝ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተዛምቷል።

«ሦስቱም ቦታ ቢሞላስ?»

«የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።»

«ብትለምነውስ?»

«ማንን?»

«ሹፌሩን ነዋ!»

«ምን ብዬ?»

እዚህ ላይ ወዳጄ አገሩን እንደረሳ ገባኝ። «ለቅሶ ልደርስ ነው፣ ልጅ ታሞብኛል፣ ምን ይጠፋል?» አልኩት። «ለቅሶ በሳይክል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሕጉን ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም። ዜሮ ሰው ከአንድ ሰው ተኩል ይሻላል። ደግሞም ታርጋው በተሰቀለበት ቦታ ሦስት ብስክሌት ሰቅሎ የሚሄድ አውቶቡስ ለማየት ጓጉቻለሁ። ግን ወዳጄ ሬኒየር አቬኑ ላይ ዝናብ እየወረደበት፣ ሹፌሩ የሞላውን ብረት በጣቱ እያሳየው ሲያልፍ ታየኝ። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም አልተበደለም፤ ሰውዬው ግን ቆሟል። እኛ ዘንድ «ሞልቷል» የሚባል ቃል ተሳፋሪ እንጂ ረዳት አይናገረውም። የረዳቱ ቃል «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። ስንጠጋ ደግሞ ሁልጊዜ ቦታ ይገኛል፤ ከየት እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።

ስንጠጋ የሚመጣው ግን ቦታ ብቻ አይደለም፤ ምክርም አብሮ ይመጣል። ከመናኸሪያው ሳንወጣ የሆነውን የፔዳሉን ነገር ያልነገርኳችሁ እዚህ እስክደርስ ብዬ ነው።

ክንዴን የያዙኝ እናት የፍራሹ ባለቤት ናቸው። ለልጃቸው ጎጆ መውጫ የገዙት አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ብስክሌቱ ከጎኑ ሊጫን ሲል «ያ ብረቱ የልጄን ፍራሽ ሊበሳው ነው!» ብለው ጮኹ። ረዳቱ ፔዳሎቹ ይፈቱ ብሎ ፈረደ። ባለ 15 ቁልፍ ከሹፌሩ መሣሪያ ውስጥ ተገኘ። የቀኙ ወዲያው ወጣ። ግራው እምቢ አለ።

መጀመሪያ ረዳቱ ታገለ። ቀጥሎ አንድ ፈርጣማ ጫኝና አውራጅ ሸሚዙን አውልቆ መጣ፤ ቁልፉ ጮኸ እንጂ ፔዳሉ አልተነቃነቀም። «ዞር በሉ፣ እኔ መካኒክ ነኝ» ያለ ተሳፋሪም ሞከረ። ቁልፉ ላይ የብረት ቱቦ ሰክተው እጀታውን አስረዘሙት፤ ሹፌሩ ራሱ ወርዶ በእግሩ ቆመበት። አንዱ ዘይት ጠብ አድርጉበት ይላል፤ ሌላው በእሳት ይሞቅ፤ ከዘራ የያዙት አባት ደግሞ ሳይክሉን እዚሁ ተወው የሚለውን ሐሳባቸውን በድጋሚ አቀረቡ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «አላውቅም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ አላውቅም ማለት ችግር የደረሰበትን ሰው ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቃል።

ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ዳር ቆማ ነበር። ሁሉም ደክሞት ላቡን ሲጠርግ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «ጋሼ ይቅርታ፣ የግራው ተቃራኒ ነው፤ ሲያጠብቁት ነው የቆዩት» አለችኝ። ባሕር ዳር ያደገች ልጅ ናት፤ ብስክሌት ላይ ነው ያደገችው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?»

«ትልልቅ ሰዎች እየሠሩ እንዴት ላቋርጥ?»

ምን ይባላል? አሳዳጊዎቿን ይባርክልን ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ። ነገር ግን ያን ያህል ጨዋ ልጅ ያሳደገ አገር ያን ያህል ጎልማሳ በአንድ ፔዳል ላይ ያላበው በዚሁ ጨዋነት ምክንያት መሆኑም እውነት ነው። እሷ ትልልቆቹን አክብራ ዝም አለች፤ ትልልቆቹ ደግሞ ልጅን መጠየቅ ያዋርደናል ብለው አይደለም ያልጠየቋት፤ እዚያ መቆሟንም አላዩ። ቃሏን ለሹፌሩ አቀበልኩት። ቁልፉን ገልብጦ በዚያው እግሩ ረገጠው፤ ፔዳሉ ተላቀቀ። የፍራሿ እናት እልል አሉ። ጫኝና አውራጁ ሸሚዙን እየለበሰ «አላልቼው ነበር እኮ!» አለ፤ ማንም አልተቃወመውም።

የግራ ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ የሚቆረጠው ሰው ሲነዳው ፔዳሉ በራሱ ጊዜ እየላላ እንዳይወጣ ነው። አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት በኦሃዮ፣ ዴይተን ብስክሌት ይሠሩና ይሸጡ የነበሩት የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 በብስክሌቶቻቸው ላይ ይህንኑ አሠራር ተጠቅመዋል። አሠራሩ ከረዳቱም፣ ከሹፌሩም፣ ከከዘራው አባትም በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ብስክሌት አስጭናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስንት ሰው እንደሆነ ከረዳቱ ጋር ተደራደሩ፤ በዚያ በኩል ልረዳችሁ አልችልም። ፔዳሉን ግን ቤታችሁ ፈታችሁ ውጡ። ቁልፉን ከላይ አስገብታችሁ ቀኙንም ግራውንም ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ግፉት፤ ሁለቱም ይፈታሉ። ቁልፉ 15 ነው።