ትርፍ ብሎን፦ በአባወራ ጥገና ላይ የቀረበ ጥናት

የአባወራ ጥገና ማለት የተበላሸ ዕቃን ሙያው ያልሆነ ሰው፣ ማንም ሳይለምነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚፈታበት ሥርዓት ነው። መግጠም በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አልተካተተም፤ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ነው፤ መረጃውም አናሳ ነው። ለሥርዓቱ የሚያስፈልጉት ንዋያት አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ግማሹ ያለቀ ናስትሮ እና ባትሪ የሚያበራ ልጅ ናቸው። ልጁ የሚያበራው አባቱ በሚያይበት በኩል ነው፤ አባቱ ወዴት እንደሚያይ ግን አይነገረውም።

ጥናቱ የሚመለከተው ምጣድን፣ ሬዲዮንና የስፌት መኪናን ነው። አንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ከአያት የወረደ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እንዳለ፣ አባወራውም በዓይኑ ሲለካው እንደኖረ እናውቃለን፤ ሆኖም ከጥናቱ አውጥተነዋል። ሌላው ማሽን ከአባወራ እጅ ሲወጣ የሚያሰጋው አለመሥራቱ ነው። የሽጉጡ ሥጋት ሊሠራ መቻሉ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ሩቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲሠሩላቸው ካዘዟቸው አውሮፓውያን ብዙዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ። «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ማለት በጊዜው ብዙ ስለማያዋጣ ሥራው ተሞከረ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ። መጨረሻ ላይ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ሙያና ሥራ ሳይተዋወቁ ዕቃ ሊወጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ተረጋገጠ። የዛሬው የሒሳብ ሠራተኛ ፍሪጅ የሚፈታው ከዚያ በወረሰው ድፍረት መሆን አለበት፤ ሌላ ማብራሪያ አላገኘንም።

ሕጉ ኋላ መጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም፣ ባለ እጅን ሁሉ በሥራው መስደብ ከለከሉ። ጥበቃው እሑድ እሑድ ብቻ ባለ እጅ ለሚሆነው አባወራ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ነጥብ ያከራክራል። ሚስቶች አይደርስም ባይ ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ እንለፍ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጉዳት ያመጣውም ቀላልነቱ ነው። በሸክላው ጀርባ ዙሪያውን የተቦረቦረ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ እንደ ሞላ የተጠማዘዘ የማሞቂያ ሽቦ ተኝቷል። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓተንት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። የሚቀልጠው 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ በእንጀራ ምክንያት ይቀልጣል ተብሎ አይታማም። ሲያረጅ ግን ይበጠሳል። ባለሙያ ቢጠራ ሽቦውን እንዳለ አውጥቶ አዲስ ያስገባል። አባወራው ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ጎትቶ ያጠላልፋቸዋል፤ የተረፈችውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ «ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ያህል ብር የሚጠይቁት» ይላል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ሳይጠራ ይገባል። ቮልቴጁ ካልተለወጠ፣ ሽቦ ባጠረ መጠን የሚስበው ኃይል ይጨምራል። 3,500 ዋት የነበረ ምጣድ በተደጋጋሚ ቋጠሮ ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢያጥር 3,900 ዋት ይጠጋል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስብ የነበረውም ወደ 18 ይወጣል። ስለዚህ ምጣዱ ከጥገናው በኋላ ከበፊቱ ይበልጥ ይግላል። የአባወራ ጥገና ዕቃን አሻሽሎ የተገኘው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ አባወራውም ወሬውን እስከ ማክሰኞ ያደርሰዋል። ቋጠሮው ግን አጥብቆ ስለማይነካካ ከሌላው ሽቦ ሁሉ ይልቅ እሱ ይፋጃል፤ በላዩ ያለው ሸክላም እንዲሁ። በዚህ የተነሳ በእንጀራው ጀርባ ላይ ቡናማ ነቁጥ ይወጣል። ነቁጦቹን የቆጠረ ተመራማሪ ምጣዱ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል፤ የቤቱ ሰዎች ግን «ዛሬ ሊጡ ነው» ይሉታል።

ቀጥሎ ፊውዙ ይቃጠላል። የፊውዝ ሥራው ይኸው ነው፤ ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት እሱ መቃጠል። አባወራው ይህን እንደ ልግመት ያየዋል፤ በቦታው የማይለግም የመዳብ ሽቦ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ተራው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። (ይህን አንቀጽ አንብቦ «እስቲ ልሞክረው» የሚል ካለ፣ ጥናቱ የሚመክረው ከመሞከሩ በፊት ፎቶግራፎችንና የቤት ካርታውን ከቤት እንዲያወጣ ነው።)

ከብዙ ምልከታ በኋላ የደረስንበት ይህ ነው፤ የአባወራ ጥገና ብልሽትን አያጠፋም፣ ያዛውራል። ከማሽኑ አውጥቶ በቤተሰቡ ላይ ያሳድረዋል። የተጠገነው ምጣድ ይሠራል፤ ነገር ግን ሶኬቱ ወደ ግራ ገደድ ብሎ፣ ከሥሩ የብሎኬት ስባሪ ተደግፎለት፣ ፍሪጁ ተነቅሎ፣ ጋጋሪዋም የላስቲክ ጫማ አድርጋ ነው። ይህ ሁሉ በቃል ይተላለፋል። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር ከደመወዙ በፊት የሚነገራት ስለ ስባሪው ነው። አማት ለጥየቃ መጥተው እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሲሰዱ ከየክፍሉ «እማማ፣ እሱን አይንኩት! እኔ ልምጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ማሽኑ ድኗል፤ የተቀረው ቤት ነው በጥንቃቄ የሚኖረው።

ሬዲዮ የሚታከመው በጥፊ ነው። ልማዱ ኋላ ቀር ተብሎ ይነቀፋል፤ ያለ አግባብ ነው። በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች የሚያያይዘው የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ 183 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ለስላሳ ነገር ነው፤ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ መነካኪያዎቹም ይዝጋሉ። ጥፊ የተለያዩትን ለጊዜው ያስታርቃል። እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ከአባወራው ጋር ነው። ያልተብራራው፣ ሬዲዮው የሁሉንም ሰው ጥፊ የማይቀበል መሆኑ ነው። በየቤቱ እጁ የሚስማማው አንድ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ልጅ ነው። ልጁ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ቤተሰቡ ከዓለም ዜና ይለያል።

በስፌት መኪና ላይ ብዙ አንቆይም። ስፌት ሲዘል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመርፌው ነው። የመርፌዋ አናት አንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋው በወገኑ ካልገባ ከሥር ያለው መንጠቆ ክሩን አያገኘውም። የአባወራው ምርመራ የሚጀምረው ከመርፌዋ እጅግ ከራቀው ብሎን ነው፤ እየተጠጋም ይመጣል፤ መርፌዋ ጋ ሳይደርስ ይመሻል።

አሁን ወደ ትርፉ ብሎን ደርሰናል። ፈረንሳዊው ላቮይዝዬ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ቁስ አካል እንደማይፈጠር፣ እንደማይጠፋም አስተምሯል፤ ሙከራዎቹን ያደረገው አባወራ በሌለበት ላቦራቶሪ ነው። የተፈታ ማሽን ሲገጠም አንድ ብሎን ይተርፋል። ስለ አመጣጡ ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው «ፋብሪካው አብዝቶታል» የሚል ሲሆን የአባወራው ነው። ሁለተኛውን ባለቤቱ ነግረውናል፤ ለኅትመት አይመችም።

ብሎኑ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። በጣሳው ውስጥ ወንድሞቹ ይጠብቁታል፦ ዳዶ፣ ሞላ፣ ጓጉንቸሩ የጠፋ ቁልፍ፣ ከምን እንደወጣ የማይታወቅ ነጭ ፕላስቲክ። ጣሳው አይጎድልም፤ ሆኖም የሚፈለገው ልክ ተገኝቶበት አያውቅም፤ ወይ ይጠባል፣ ወይ ይሰፋል፣ ወይ ጥርሱ አልቋል። ባለቤቱ አንድ ቀን ቤት ሲያጸዱ ጣሳውን ከነብሎኑ ለቁራሌው ይሰጣሉ። ቁራሌው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባወራው ምናለሽ ተራ ሄዶ፣ ከአንድ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ሲፈልግ ውሎ፣ የገዛ ብሎኑን ተከራክሮ ይገዛዋል፤ «ኦርጅናል አገኘሁ» ብሎም ይመለሳል። የሀገር ውስጥ ንግድ በዚህ ዑደት ምን ያህል እንደሚደገፍ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቢያዩት መልካም ነው።

የሥርዓቱ ፍጻሜ የባለሙያ መምጣት ነው። ባለሙያው ክዳኑን ያነሣል፤ ዝም ይላል፤ ናስትሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ብርሃን ላይ ያየዋል። ከዚያ «ከዚህ በፊት ማነው የነካው?» ይላል። ባትሪ ያዡ ልጅ ጫማውን ያያል። ባለቤቱ ወደ ጣሪያው ቀና ይላሉ። ከሁሉም በላይ በመገረም «እውነት ማን ነካው?» የሚለው አባወራው ራሱ ነው። ባለሙያው ሁለት ዋጋ ይናገራል፤ አንዱ ብልሽቱን ለመጠገን፣ ሌላው ጥገናውን ለማፍረስ። ሁለተኛው ይበልጣል። አባወራው የሚከራከረው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።