አንተ ልጅ፣ ጀርመን ነው ቻይና?

ጅቡቲ ከተማ በትራንዚት ሥራ የተሰማራ ሐበሻ ዘመድ አይቸግረውም። አዲስ አበባ ላይ መኪና የገዛ ሁሉ ዘሩን ቆጥሮ ይደርስበታል። መርከቡ ዶራሌ ወደብ ሳይደርስ ስልኩ ይደርሳል። ድሮ የሚጠየቀው «መቼ ይወጣል?» ብቻ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ካለ ወዲህ ግን የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል።

«አንተ ልጅ፣ ጀርመን ነው ቻይና?»

አክስቴ ናት። ልጇ ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ገዝቷል፤ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር፣ ቤተሰቡን ከነአማቱ የሚጭን። አክስቴ ግን ቮልስዋገን ሲባል የምታውቀው ሟቹ ባሏ ይነዳት የነበረችውን፣ ሞተሯ ከኋላ ሻንጣዋ ከፊት የሆነችውን ቮልስ ነው። ያችን የሠራ ጀርመናዊ ሽማግሌ ዛሬም ቁጭ ብሎ ብሎን የሚያጠብቅ ይመስላታል።

መኪናው የቆመበት ግቢ ሄጄ አየሁላት። በሐምሌ የመኪና በር እጀታ በባዶ እጁ የሚነካ ሰው ለጅቡቲ እንግዳ ነው፤ እኔ በሸሚዜ ጫፍ ይዤ ከፈትኩት። መሪው የተጠቀለለበት ፕላስቲክ በሙቀቱ ለስልሶ እጅ ላይ ይጣበቃል። ስክሪኑ በራና አንዲት ሴት በቻይንኛ አነጋገረችኝ። ሰላምታ ይሁን ስድብ እግዜር ይወቅ፤ እኔ ግን «እንደምን ዋልሽ» ብያታለሁ።

ለነገሩ ለማጣራት ሴትዮዋን መስማት አያስፈልግም። የሻንሲ ቁጥሩ በኤል ከጀመረ ቻይና፣ በደብልዩ ከጀመረ ጀርመን ነው። ኤል ነው። የቻርጅ ሶኬቱም የቻይናው ዓይነት ስለሆነ የአውሮፓ መሰኪያ አይገባበትም። ቮልስዋገን ከቻይና ሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ሻንጋይ አጠገብ አንቲንግ ላይ፣ ደግሞም በደቡብ ፎሻን ላይ፣ ለዚያው ለቻይና ገበያ ነው እንዲህ ያሉትን የሚያመርተው። ለእነሱ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ለእኛ የውጭ ዕቃ።

የግቢው ዘበኛ አማርኛውን ከሾፌሮቻችን የለቀመ ጅቡቲያዊ ነው። መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«ይሄ ታጁራ ይሄዳል?» አለኝ።

«ቻርጅ ካለው ይሄዳል።»

«ይመለሳል?»

ዝም አልኩ።

«ላንድክሩዘር ይመለሳል» ብሎ ወደ ጥላውና ወደ ጫቱ ሄደ።

ክርክሩ እዚህ ከተማ ውስጥ እዚያው ላይ ያልቃል። ጅቡቲዎች የመኪና መገጣጠሚያ ስለሌላቸው መኪናው ሁሉ የውጭ ነው፤ የሚናቅ የሀገር ልጅ የለም። እኛ ግን የምንንቀው ሞልቶናል። ደንበኞቼን ስታዘብ ሕጉ ቀላል ነው፦ ፋብሪካው ወደ ቤታችን በቀረበ ቁጥር መኪናው ይረክሳል። ከጀርመን የመጣው ከቻይና ከመጣው ይበልጣል። ከቻይና የመጣው ደግሞ፣ ወዮለት ዱከም ለተገጣጠመው! ሊፋን ኤክስ ስልሳን አስታውሱ። ዕቃው ከቻይና በሣጥን ተጭኖ፣ በዚሁ በጅቡቲ አልፎ፣ ዱከም ላይ ተገጣጥሞ ይወጣ ነበር። ያንኑ ብሎን ቾንግቺንግ ያለ ቻይናዊ ቢያጠብቀው «ኦሪጅናል» ነው፤ የዱከም ልጅ ካጠበቀው «እስቲ ሌላ አሳየኝ» ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በማራቶን ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሂዩንዳይ ሲገጣጥምም «ኃይሌን በሩጫ አምነዋለሁ፤ በብሎን ግን ኮሪያዊ ይሻለኛል» ያለኝ ሰው አለ። እሱ ራሱ ሲንቀሳቀስ የሚጮህ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ይህን ያለኝ፤ ወንበሩ የውጭ ነው።

ቀረጡ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። ለኤሌክትሪክ መኪና በወጣው ተመን ሙሉ ሆኖ የመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል የተበተነ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ፈጽሞ የተበተነ ምንም አይከፍልም። መንግሥት የተበተነውን ይወዳል፣ ገዢው ሙሉውን ይወዳል፣ መሐል ላይ እኛ ዲክላራሲዮን እንሞላለን።

ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ ቮልስዋገን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር፤ መገጣጠሚያም በዕቅዱ ውስጥ ነበር። እኛ የጀርመኑን ፋብሪካ ስንጠብቅ ቮልስዋገኑ በቻይና ዞሮ በዶራሌ ገባ። ፋብሪካው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ዛሬ «ቻይና ነው የእኛው?» ብላ ትደውል ነበር። «ቻይና ነው» ብላት እልል ትል ነበር።

ማታ ደወልኩላት።

«አክስቴ፣ ቻይና ነው።»

«አላልኩህም? አታለውት ነው!»

«አላታለሉትም። አይዲ ፎር ቢሆን ከጀርመን ጽቪካው ወይም ኤምደን የሚወጣ አለ። አይዲ ሲክስን ግን ጀርመኖቹ አገራቸው ላይ አይሠሩትም፣ አይሸጡትምም። አንድ የጀርመን ነጋዴ ከቻይና አስመጥቶ ሊሸጥ ቢል ቮልስዋገን ራሱ ከሰሰው።»

ጥቂት ዝም አለች።

«ለጀርመን የከለከሉትን መኪና ነው ልጄ የገዛው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ታወራለህ፤ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቶሎ አውጣልኝ እንጂ!»