እየዘለልሽ አንብቢላት

ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣ አዲ አርቃይ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። (ይህችን ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት። እኔና አንቺ የምናውቀውን እናውቃለን፤ ግን ደብዳቤ በሌላ በምን ይጀመራል?)

ኔትዎርኩ ከጠፋ ወዲህ በኢሞ መተያየቱ ቀርቶ ይኸው ወደ ወረቀት ተመልሰናል። ለእኔስ እፎይታ ነው። እማዬ ስትደውል ፊቴን አይታው አታውቅም፤ ዓይኗ አንገቴ ላይ ነው፣ ማተብ ፍለጋ። ፀሐይ እስከ ማታ 4 ሰዓት በማትጠልቅበት በሐምሌ ሳይቀር ሻርፕ ጠምጥሜ ነበር የምቀርባት።

ያኔ መጥቼ "ቤተ ክርስቲያን አልሄድም" ያልሁ ዕለት ቤቱ እንዴት እንደተረበሸ ታስታውሻለሽ። "ጴንጤ ሆንህ?" አለችኝ፣ ረከቦቱ አጠገብ እንደተቀመጠች። አልሆንሁም። "ካቶሊክ?" እሱንም አልሆንሁም። "ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" ምንም አልኋት። "ተመስገን!" ብላ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች። በእሷ ሒሳብ ምንም ያልሆነ ሰው ነገ ይመለሳል፤ ጴንጤ የሆነ ግን ሄደ።

ጴንጤነቱን ካመጡብን አንዶቹ ደግሞ እነዚሁ ስዊድናውያን ጎረቤቶቼ ናቸው። የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ምፅዋ የደረሰው በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኢዛና ጀምሮ ክርስቲያን ለሆነ አገር ክርስትና ሊያስተምር! ዛሬ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያናቸው ብትገቢ የምታገኚው ጥቂት አሮጊቶችንና ኦርጋኑን ነው። ሆኖም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አባል ነው፤ መዋጮውንም የግብር መሥሪያ ቤቱ ይቆርጥለታል። አያምንም፣ አይሄድም፣ ግን ይከፍላል። እኔ ደግሞ አላምንም፣ አልሄድም፣ ግን እጾማለሁ።

አዎ፣ እጾማለሁ። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን አልዘልቀውም እንጂ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይወርድልኝም። የሥራ ባልደረቦቼ "ቪጋን ነው" እያሉ ያከብሩኛል። ቪጋን ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ እንኳ ዓመቱን ሙሉ የማይቀምስ፣ ፋሲካ የማያውቅ ጿሚ ነው ብለሽ ለእማዬ ንገሪያት፤ ስለ ስዊድን ያላት አስተያየት ይሻሻላል። እዚያው አጠገባችን ዋልድባ መነኮሳቱ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ይኖራሉ ብዬ ባወራቸው "ግሉተን የለውም ማለት ነዋ!" ብለው አሠራሩን ጠየቁኝ።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ አዲ አርቃይ ላይ ሰው "ምን ታምናለህ?" ተብሎ አይጠየቅም፤ "ዓርብ ምን በላህ?" ነው የሚባለው። ለዚያ ደግሞ መልስ አለኝ።

(ከዚህ ጀምሮ ዝለዪው።) እማዬን ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያስነሳት ገነት መግባት አለመግባቴ አይመስለኝም። ማን ይቀብረዋል፣ ማን ፍትሐት ያደርስለታል ነው። እዚህ አገር አማኝም ሆነ አላማኝ ከግብሩ ጋር የቀብር ክፍያ ይቆረጥበታል፤ አገር ያህል እድር በይው። መቃብሩንም በብዙው ከተማ የምታስተዳድረው ቤተ ክርስቲያኗ ናት፤ የማያምኑትንም ታሳርፋለች። ጉዱ ሌላ ነው። ሕጉ ሬሳ በ1 ወር ውስጥ ይቀበር ይላል፤ ሰዉም ቀጠሮ ይዞ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይቀብራል። እኛ ጋ እኮ ያኔ ዐርባው እየተቃረበ ነው! አንድ ጎረቤቴ ሲሞት ሄጄ ነበር። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። ዳቦ ተነባብሮ፣ በማዮኔዝ ተለብጦ፣ ላዩ ላይ ሽሪምፕ የተደረደረበት ኬክ መሳይ ነገር ቆርሰው ሰጡን፤ በለሆሳስ አውርተን ተበተንን። ቀባሪ አያሳጣኝ ብዬ ለማን እንደምጸልይ ግራ ገባኝ።

ስለዚህ ለሐበሾቹ እድርም እከፍላለሁ። ሰብሳቢው ዲያቆን ነው። ስለ እምነቴ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ መዋጮ ሲዘገይ ግን ይደውላል።

የነፍስ አባታችን "እንዲህ ያለ ሰው በጎንደር ምድር ታይቶ አይታወቅም" ማለታቸውን ጽፈሽልኛል። በአክብሮት ንገሪልኝ፤ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው ፈላስፋ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ከገባ በኋላ የኖረው እንፍራዝ ነው። ፈጣሪን አልካደም፤ ጾሙንና ምንኩስናውን ግን የሰው ሥርዓት ነው አለ፣ ከጎረቤቱ ጋርም እንደ ክርስቲያን ሆኖ ኖረ። ሐተታውን የጻፈው ኋላ የመጣ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ይሁን፤ ጣሊያኑም ቢሆን እንዲህ ላለ ሰው መኖሪያ ሲፈልግለት ያገኘው እንፍራዝን ነው።

እኔ ስመጣ የአባን መስቀል እሳለማለሁ፣ ጉልበታቸውንም እስማለሁ። ንስሐ ግባ የሚሉኝን ግን ይተዉልኝ፤ ያላመንሁበትን አምኛለሁ ብዬ እሳቸውን ያህል ሰው አልዋሽም።

(አሁን ለእማዬ ቀጥዪላት።) ገንዘብ ልኬያለሁ። የእማዬ የማርያም ማኅበር ተራ ኅዳር 21 ስለሆነ ከዚያ ላይ አውጪላት፤ ጾም ገብቶ ዶሮ የለበትምና ለጠላው አትሰስቺ። ዝክሩ በእሷ ስም ይውጣ፤ በእኔ ስም ስለት እንዳታስገቢብኝ፣ አደራ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ደግሞ ሽሮ ላኪልኝ፤ ለዓርብ የሚበላ የለኝም።

ታናሽ ወንድምሽ