የሰርግ ቪዲዮ እንዴት ይበላሻል?

የሰው ሰርግ ቀርጾ ለማበላሸት ካሜራ መጣል አያስፈልግም፤ ቢትና ባይትን አንድ አድርጎ ማየት ይበቃል። ካሜራዎን በሰከንድ 400 ሜጋቢት እንዲቀርጽ ያስተካክሉት። ከዚያ ሱቅ ገብተው ፊቱ ላይ 170 ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን ካርድ ይግዙ። ያ ቁጥር ካርዱ የሚነበብበት ፍጥነት ነው፤ የሚጻፍበት አይደለም። ጥግ ላይ ያለችውን «ቪ30» አይዩዋት፤ ካርዱ ሳያቋርጥ እንደሚጽፍ ዋስትና የሚሰጠው በሰከንድ እስከ 30 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን የምትነግርዎ እሷ ናት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ካሜራዎ የሚፈልገው 50 ሜጋባይት ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ እናቷ ሲመርቋት፣ ቀረጻው በራሱ ጊዜ ይቆማል። ያ ምርቃት ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም።

ካርዱ ፍጥነቱን ቢችል እንኳ 64 ጊጋባይት ብቻ ይዘው ይሂዱ፤ 21 ደቂቃ ያህል ይበቃዎታል። ወደ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡም የድሮውን ዩኤስቢ 2 ኬብል ይጠቀሙ። ፍጥነቱ 480 የሚባለው በሜጋቢት ነው፤ ቢበዛ ቢበዛ በሰከንድ 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ከዚያ በታች።

ዋናው ማበላሻ ግን ኤክስፖርት ላይ ነው። ፋይሉ እንዲቀልልዎ ፉል ኤችዲውን ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያውጡት። ዩቲዩብ ለዚህ ጥራት 8 ሜጋቢት እንደሚመክር ይርሱት። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ ጉዳቱ ብዙም አይታይም፤ ከፍሬም ወደ ፍሬም የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ቢት ይበቃዋል። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው፣ ነጠላው፣ የቀሚሱ ጥበብ በአንዴ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ቢቱ አይዳረስም፤ ሸማኔው ክር በክር የለፋበት ጥለት ወደ ደበዘዙ ካሬዎች ይለወጣል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሰው ሰርጉን የሚያስቀርጸው ይህን እስክስታ ለማየት ነውና።

ውጤቱ ካስደነገጠዎ ያንኑ የተበላሸ ፋይል በ50 ሜጋቢት ደግመው ያውጡት። ፋይሉ ይተልቃል፤ የጠፋው ግን አይመለስም።

ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ይላኩት፤ እንደ ፋይል ቢልኩት ሳይጨመቅ ይደርሳቸው ነበር። በመጨረሻም ኮፒው በትክክል መከፈቱን ሳያዩ ካርዱን ፎርማት ያድርጉት። የካሜራው ኦሪጅናል እስካለ ድረስ የኤክስፖርቱ ስህተት ሊታረም ይችላልና፣ ማበላሸቱ የሚሟላው እሱ ሲጠፋ ነው።