የጠገበው ቡገንቪሊያ

ነቀምቴ ቤቴ በረንዳ ላይ አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን አለ። ውስጡ ቡገንቪሊያ ነው። ስገዛው ሐምራዊ ለብሶ ሙሽራ መስሎ ነበር። ቤት ከገባ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከቅጠልና ከእሾህ በቀር ምንም አላሳየኝም።

እንክብካቤ ያነሰው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የላም ፍግ። እኔ ቁርስ ሳልቀምስ ብውል እንኳ እሱ ውሃው አይቀርበትም። ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤት ነጠላ ከነገመዱ ቀደደ። አበባ ግን የለም።

ባለ ነጠላው ጎረቤቴ ግምቢ አጠገብ የቡና ማሳ ያላቸው አዛውንት ናቸው። ለጠብ መጡ ብዬ ስፈራ፣ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰድደው ጭቃ አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጠግቧል። የጠገበ ምን ቸግሮት ያብባል?»

ከዚያ ስለ ቡናቸው አወጉኝ። ቡና በበጋ ይጠማል፤ እምቡጡ ኩርምት ብሎ ይተኛል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በ10 ቀን ገደማ ማሳው በአንዴ ነጭ ይለብሳል። ጥሙ ባይኖር ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው እየተንጠባጠበ ያብብ ነበር። ለካ ፈረንጅ «ለከምቲ» እያለ በከተማችን ስም የሚጠጣው ቡና ቀድሞ ውሃ የጠማው ነው! ቡገንቪሊያም አገሩ ብራዚል ይሁን እንጂ ጠባዩ ከዚህ አይርቅም። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ትንሽ ሲቸግረው ያብባል።

ጥር ላይ ጾም ታዘዘ። ሰውዬው የመካነ ኢየሱስ ምእመን ናቸው፤ ሁዳዴን አያውቁትም። የእኔን ቡገንቪሊያ ግን አስጾሙት። ቅጠሉ መጠውለግ እስኪጀምር ጠብታ የለም፤ ሲጀምር፣ ውሃው በጄሪካኑ ሥር በተበሳው ቀዳዳ (እሱንም የበሱት እሳቸው ናቸው) እስኪወርድ ማጠጣት፣ ከዚያ መልሶ መተው። ፍግ ቀረ። አበባ የሚይዘው አዲሱ ቀንበጥ ነው ተብሎ ረዣዥሙ ቅርንጫፍ ተከረከመ። ጄሪካኑም ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ክረምት ሲገባ ወደ ጣራው ሥር እመልሰዋለሁ፤ እኔን ቢከለክሉኝ የነቀምቴን ሰማይ ማን ይከለክለዋል?

የጾመው እሱ፣ የተራብኩት እኔ። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ጆሮውን ጥሎ ባየው አላስቻለኝም። ሌሊት በባዶ እግሬ፣ በቡና ስኒ ውሃ ይዤ ስወጣ ባለቤቴ መብራቱን ቦግ አደረገችው።

«ልታስገድፈው ነው?»

በማግስቱ ጆጉ ተቆለፈበት።

መጋቢት ላይ በረንዳው ሐምራዊ ሆነ። ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት የምትማረው ልጄ አንድ ዘለላ ቀንጥሳ መዳፌ ላይ ዘረጋችው። ወረቀት የመሰሉ ሦስት ሐምራዊ ነገሮች፤ በመሐላቸው የክብሪት ራስ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች።

«አባዬ፣ አበባው ነጩ ነው። ይሄ ሐምራዊው ቅጠል ነው።»

አዛውንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ አበቀለ ብለህ የከሰስከው በምን ነበር?» አሉኝ።