ስለ ግቢያችን የውሃ ቧንቧ ቅየራ የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ወይራ ሰፈር፣ ከኮብልስቶኑ ገባ ብሎ ካለው ግቢ፣ ከአከራያችን ከእማማና ከተከራዮች ጉባኤ የተላለፈ።

መግቢያ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሐንዲሱ ሙሴ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ እስከ ቤተ መንግሥት ማድረሱ የሚታወስ ሆኖ፣ የእኛ ቧንቧ ግን ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤቱ ማድረስ የተሳነው በመሆኑ፤

የገፈርሳ ግድብ በአምቦ መንገድ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ለእኛ ለምዕራቦቹ ጎረቤት ቢሆንም፣ ጉርብትና ብቻውን ጀሪካን እንደማይሞላ በመረዳት፤

የግቢው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የቆጣሪዋ ትንሿ መዘውር ቀስ እያለች ስትዞር በመገኘቷ፣ እማማ የሚከፍሉት ሒሳብም መሬት ለማጠጣት ጭምር መሆኑ በመረጋገጡ፤

የጋልቫናይዝድ ብረቱ የዚንክ ቅብ አልቆ ውስጡ ዝገት ስለተጋገረበት፣ ፈረቃችን ሲደርስ የመጀመሪያው ባልዲ ሻይ መስሎ የሚቀዳ በመሆኑ፤

ከሁሉም በላይ፣ ውሃ ስትቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ፣ የተቀደደ ቧንቧ ማንጠባጠብ ትቶ በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ሊስብ የሚችል በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመጨረሻው ቁፋሮ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ከዚህ በፊት በዚሁ ስም የወጡ አዋጆች ሁሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣
ሀ. «ነገ» ማለት ቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን የሚያነሳበት ማንኛውም ቀን ነው፤
ለ. «ቆፋሪ» ማለት ዶማ የያዘው ሰው ነው፤ ዳር ቆመው «ወደ ግራ አርገው» የሚሉት «አማካሪ» ይባላሉ፤ ምሳ አይታሰብላቸውም።

አንቀጽ 3. ስለ ቁፋሮና አቀባበር

1. ቦዩ ከፍሳሽ መስመር ርቆ ይቆፈራል። መሻገር ግድ ከሆነ ውሃው ከላይ፣ ፍሳሹ ከታች ያልፋል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።
2. አዲሱ መስመር በጥቅል የሚሸጠው ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ሆኖ፣ ከቆጣሪ እስከ ቤት መሐሉ ሳይቀጠል ይዘረጋል። «ቁርጥራጭ ቤት አለኝ» የሚል ተከራይ ስጦታው በምስጋና ይመለስለታል።
3. ድንጋዩ ተለቅሞ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ ይደረግበታል።
4. ሳይፈተሽ አይቀበርም። ውሃ ሞልቶ ጫፉ ሲዘጋ መጋጠሚያው ሁሉ በደረቅ ሶፍት ይዳሰሳል። ሶፍቱ ከረጠበ «ላብ ነው» የሚል መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም።
5. ከመቀበሩ በፊት ፎቶ ይነሳል፤ ከአጥሩ ያለው ርቀት ተለክቶ በቆጣሪው ሳጥን ክዳን ላይ በቀለም ይጻፋል። የአሮጌው መስመር ካርታ በቀድሞው አባወራ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ስለነበር፣ መስመሩን ፍለጋ ግማሽ ግቢ ታርሶ የተገኘው የስልክ ገመድ ነው።

አንቀጽ 4. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ፍተሻው ውሃ ስለሚፈልግ፣ ውሃዋም በፈረቃ ስለምትመጣ፣ ቦዩ እስከዚያው ክፍት ይቆያል። አምሽቶ የሚገባ ሁሉ በባትሪ ይግባ። የእማማ ሮቶ ለፍተሻው ይዋል የሚለው ሐሳብ ቀርቦ በአንድ ድምፅ፣ ማለትም በእማማ ድምፅ፣ ውድቅ ሆኗል።

አንቀጽ 5. ስለ እሮሮ

ከቆጣሪ ወዲህ ያለው መስመር የደንበኛው በመሆኑ፣ እዚህ ለሚፈስ ውሃ «መንግሥት ምን ይሠራል?» ማለት ክልክል ነው። ከቆጣሪ ወዲያ ስላለው ግን እሮሮው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

አንቀጽ 6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ቧንቧ ውሃ ያደርሳል እንጂ ውሃ አያመነጭም። ስለሆነም ይህ አዋጅ ውሃ ከመጣችበት ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል። መጀመሪያ የነቃ ሰው ሌላውን የመቀስቀስ ግዴታ አለበት፤ የራሱን ጀሪካን ከሞላ በኋላ።